የሮዘንዋልድ ፈንድ

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ሕፃናት ትምህርት ቤት በማሠራት የሚታወቅ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን (1917–1948 እ.ኤ.አ.)። መሥራቹ የሲርስ ሮበክ ኩባንያ መሪ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ነው፤ ሐሳቡን የጠነሰሰው ግን በባርነት ከተወለደው የተስኪጊ የትምህርት ተቋም መሪ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶችም ፈንዱ ከመቋቋሙ በፊት በአላባማ ገጠር ተሠርተዋል።

ፈንዱ ሙሉውን ወጪ አይሸፍንም ነበር። ነዋሪው ገንዘብ፣ መሬት፣ እንጨትና ጉልበት እንዲያዋጣ፣ የአካባቢው መንግሥትም በጀት እንዲመድብ ይጠይቅ ነበር። በዚህ አሠራር እስከ 1932 ድረስ በ15 ግዛቶች 5,000 ገደማ ትምህርት ቤቶች ተገነቡ። ጥቁር ነዋሪዎች ያዋጡት ገንዘብ ከፈንዱ ድርሻ ይበልጥ ነበር። ግብር እየከፈሉ፣ ለልጆቻቸው በሕግ የሚገባውን ትምህርት እንደገና ከኪሳቸው ገዙ፤ ስለ ሮዘንዋልድ ቸርነት ሲነገር ይህ የእነርሱ መሥዋዕትነት ሊዘነጋ አይገባም። ግንባታው በወቅቱ የነበረውን የዘር መለያየት ሥርዓት እንዳለ ተቀብሎ የተካሄደ መሆኑም እውነተኛ ድክመቱ ነው።

ከ1928 ጀምሮ ፈንዱ ለጥቁር ምሁራንና ከያንያን የገንዘብ ድጋፍ ሰጥቷል። ከተጠቃሚዎቹ መካከል የሆኑት ኬኔት እና ማሚ ክላርክ በአሻንጉሊት ያካሄዱት የሥነ ልቦና ጥናት፣ በ1954 በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ባደረገው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክር ላይ በማስረጃነት ቀርቧል። የሲቪል መብት ታጋዩ ጆን ሉዊስም የተማረው በሮዘንዋልድ ትምህርት ቤት ነው።

ሮዘንዋልድ ገንዘቡ ለዘላለም እንዲከማች አልፈለገም። ፈንዱ ሀብቱን ጨርሶ በ1948 ተዘጋ።