ኮልፌ ቀራኒዮ፦ ቤት ቀድሞ ፕላን ሲከተል

የመሐንዲስ ልኬት ወደ ሥዕል የሚለወጠው በዋናነት ለሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ግንባታውን የሚሠራው፣ ሌላው የሚፈቅደው ወይም ገንዘቡን የሚያወጣው። ለመጀመሪያው ርቀት፣ ውፍረትና ከፍታ በቁጥር ተጽፎ ከተሰጠው ይበቃዋል። ሁለተኛው ግን ቁጥር ቢደረደርለት ሕንፃ አይታየውም፤ ገና ያልቆመውን ነገር የቆመ ያህል ማየት ይሻል። በአዲስ አበባ ለባለሥልጣን ዓይን የሚዘጋጀው ሥዕል ገና ከጥዋቱ ነበረ። በምዕራቡ ዳርቻ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራኒዮ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ብዙ ሰፈር የተሠራው ግን ከሁለቱ አንዱም ሳይኖር ነው።

ለማሳመን ብቻ ከተሣሉት መካከል ስሙ የገነነው የለ ኮርቡዚዬ ንድፍ ነው። አርክቴክቱ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ከተማዋን አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ፣ አገሪቱን ለወረረው ለሙሶሊኒ መንግሥት የአዲስ አበባን ፕላን ሣለ። ንድፉ ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን ዘርግቶ ነባሯን ከተማ እንዳልነበረች ቆጠራት፤ ገደልና ወንዝም አልገደደውም። እንደ ሥዕል ያምራል፤ ለግንባታ ግን የሚረባ አልነበረም። ሥራው የተሰጠው ለጣሊያኖቹ ለጉዊዲና ለቫሌ ነበር። የእነርሱ ፕላን ነጩንና የአገሬውን ሰው ለያይቶ፣ የአገሬውን መኖሪያና ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋ። አዲስ ከተማና መርካቶ የዚያ ውሳኔ ልጆች ናቸው። ኮልፌም ከገበያው በስተ ምዕራብ የምትገኝ በመሆኗ፣ መርካቶን ተጠግቶ ለሚኖር ሰው መስፋፊያ ሆነች።

ከነጻነት በኋላም የከተማዋ ፕላን ከውጭ ሰው እጅ አልወጣም። የለንደንን ፕላን ያወጣው ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ቦልተን ሄነሲና ባልደረቦቹ በ1959፣ ፈረንሳዊው ደ ማርየን በ1965 የየራሳቸውን አቀረቡ። ከእነዚህ መካከል ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ የዋለ የለም። ይልቅ ለሙያው ሥር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 በልደታ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ነው፤ በዚህ አገር የግንባታ ንድፍን የሚሠራ ባለሙያ በመደበኛ ትምህርት ካፈሩት ቀደምት ተቋማት አንዱ ነውና።

ያኔ ሥራው የእጅ ነበር። ድራፍትስማኑ ቲ-ስኩዌሩን አስደግፎ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በቀለም ያሠምራል፤ መስመር ከተሳተ በምላጭ ፍቆ ያርማል። ወለሉን ከላይ፣ ፊቱን ከውጭ፣ ቁርጡን ከጎን ለየብቻ ይሥላል። ከዚያ ዋናው ወረቀት ብርሃን በሚቀበል ወረቀት ላይ ተደርቦ በአሞኒያ እንፋሎት ይባዛል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ይህ ሁሉ ለሠራተኛው ነው። ለባለቤቱ ሌላ ሥዕል ይዘጋጃል፤ መስመሮቹ ወደ አንድ የርቀት ነጥብ እየጠበቡ የሚሄዱበትና በውኃ ቀለም የሚቀባ። ሥራው ትልቅ ከሆነም በካርቶን ማኬት ይሠራለታል። ከማኬት የበለጠ የሚያሳምን ነገር እስከ ዛሬ የተገኘ አይመስልም፤ ሰው ዞሮ ያየዋል፣ ጎንበስ ብሎ ደጃፉን ይፈትሻል።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሲሆን፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የቤት ሥራ ማኅበራት በተዘጋጀ አንድ ዓይነት ፕላን ተደራጅተው ሠሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን የሕዝቡ ቁጥር ከሚሰጠው ቦታ ፈጥኖ አደገ፤ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 የመጣው ሊዝም ለደሃው የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ በጅማና በአምቦ መንገዶች አካባቢ በነበረው የእርሻ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚሠራው የጨረቃ ቤት በዛ። የጨረቃ ቤት ንድፍ ገመድና ችካል ነው። አናጢው ክፍሎቹን በእርምጃ ለክቶ በመሬት ላይ ይጭራል፤ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ጭቃ ይመረጋል፣ ቆርቆሮው ሳይነጋ ይመታል። የመስኮቱ ስፋት የሚወሰነው በተገኘው መዝጊያ ነው።

የእነዚህ ቤቶች ሥዕል የተገኘው ከሰማይ ነው። አስተዳደሩ ያለ ፈቃድ የተያዙ ይዞታዎችን ወደ ሕጋዊ መስመር ሲያስገባ፣ የ1988 ዓ.ም.፣ ኋላም የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶ መለያ ሆነ። ከአውሮፕላን የተነሣው ምስል በኮምፒውተር ወደ መስመር ተቀይሮ፣ እያንዳንዱ ጣሪያ አንድ ቅርጽ ሆኖ ወጣ። ቅርጹ ካለ ቤቱ አለ፤ ከሌለ ባለቤቱ የልጆቹን የልደት ቀን ቢቆጥርም ጭቅጭቁ ይረዝማል። በዛፍ የተሸፈነ ጣሪያ የዚህ አሠራር ግልጽ ድክመት ነበር። ፎቶው ካለፈ በኋላ ቀያሹ መጥቶ ማዕዘኖቹን በመሣሪያ ይለካል፤ ካርታ የሚወጣውም በዚያ ልኬት ነው። ቤት፣ ፎቶ፣ ልኬት፣ ካርታ፤ መማሪያ መጽሐፍ ከሚያስተምረው ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ነው።

መንግሥት ራሱ በ1996 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ግንባታ ሲጀምር ቅደም ተከተሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በክፍለ ከተማው ሚኪ ሊላንድን በመሰሉ ሳይቶች ሕንፃዎቹ በወረቀት አልቀው ነው መሠረት የተቆፈረው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ፕላን ማጸደቅን ለግል ገንቢም ግዴታ አድርጎ ሕንፃን በሦስት ከፈለ፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሁሉ ምድብ ሐ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም አውቶካድ ከጊዜ በኋላ ምላጩንና አሞኒያውን አስቀረ፤ ስኬችአፕና ሉሚዮን ተከትለው የውኃ ቀለሙን ቦታ ወሰዱ። ዛሬ በቆርቆሮ አጥር ላይ የሚለጠፈው የሕንፃ ምስል የእነዚህ ውጤት ነው። ምስሉ ላይ ሰማዩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ ዘንባባ አለ፣ የጎረቤቱ የዛገ ቆርቆሮ ግን የለም። እንደ ማስታወቂያ ይማርካል፤ ሕንፃው በጎረቤቱ ላይ የሚጥለውን ጥላ ግን አይናገርም።

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የተዘጋጀው ለ10 ዓመት ነው፤ ዘመኑም ወደ ማለቁ ነው። የሚቀጥለውን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሥዕሉን ለምክር ቤት ከማቅረባቸው በፊት በየወረዳው አዳራሽ በትልቁ ይስቀሉት፤ የአለም ባንክና የወይራ ሰፈር ነዋሪም የራሱን ጣሪያ በጣቱ ይፈልግበት።