ኳሱ ከየትኛው እግር አጠገብ? በጎልፍ አቋቋም ታሪክ ላይ የቀረበ ንግግር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



 የዛሬው ርዕስ ሲነገር ከፊታችሁ ላይ ያነበብሁትን ፈገግታ አልከፋሁበትም። የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ንግድ መሥመሮች ይናገራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጎልፍ ተጫዋች ሲቆም ኳሱ በሁለቱ እግሮቹ መካከል የት ላይ መቀመጥ አለበት ብሎ ሲጠይቅ ቢገኝ ያስገርማል። ሆኖም ይህ ጥያቄ ትንሽ ስለ ሆነ ብቻ ቀላል እንዳልሆነ አምናለሁ። አካል የሚያውቀውን ነገር በጽሑፍ፣ በሥዕልና በፎቶግራፍ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ እኔ ራሴ የተማርሁት በዚህ ጥያቄ ላይ በፈጸምሁት ስሕተት ነው። ስሕተቴን በቦታው እናገራለሁ።

ጥያቄው ለምን እንደሚነሣ አስቀድሜ ላስረዳ። በእኛ የገና ጨዋታ ሩሯ አትቆምም፤ ተጫዋቹ በቆልማማ ዱላው ይዞ የሚሮጠው እርሷ ወዳለችበት ነው። በጎልፍ ግን ኳሱ ቆሞ ይጠብቃል። ተጫዋቹ እግሩን ለመትከል የፈለገውን ያህል ጊዜ አለው፤ ስለዚህ የት እንደሚቆም የመምረጥ ዕድልም፣ የመሳሳት ዕድልም የእርሱ ነው። በቀኝ እጁ የሚጫወት ሰው ግራ ጎኑን ወደ ዒላማው አዙሮ ይቆማል። የዱላው ራስ ከላይ ወርዶ፣ መሬት ነክቶ፣ እንደገና ወደ ላይ የሚወጣ ቅስት ይሠራል። የዚህ ቅስት ዝቅተኛ ነጥብ በግምት ከግራ ትከሻው ትይዩ ይውላል። ኳሱ ከዚህ ነጥብ በፊት ከተቀመጠ ዱላው እየወረደ ይመታዋል፤ ከነጥቡ ካለፈ ደግሞ እየወጣ ያገኘዋል። ቅስቱ ዘመም ያለም ስለ ሆነ ኳሱ ወደ ቀኝ እግር ሲጠጋ ምቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እግር ሲርቅ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነብላል። የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት የኳሱን ከፍታም አቅጣጫም ይለውጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ጎልፍን በስም ከሚጠቅሱት የስኮትላንድ ሰነዶች ቀዳሚው በ1457 የወጣ የፓርላማ ድንጋጌ ነው። ድንጋጌው ሕዝቡ ቀስት መወርወርን እንዲለማመድ ሲል ጎልፍንና የእግር ኳስን ይከለክላል። ክልከላው በ1471 እና በ1491 ተደግሟል። እነዚህ ሰነዶች ጨዋታው ምን ያህል እንደ ተወደደ ይመሰክራሉ፤ ተጫዋቹ እንዴት እንደ ቆመ ግን አንዲት ቃል የላቸውም። ከልካይ ስለ ጨዋታው መኖር ይጽፋል እንጂ ስለ አጨዋወቱ አይጨነቅም።

ስለ አጨዋወቱ የተጨነቀ ሰው የምናገኘው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተን ነው። ቶማስ ኪንኬድ የኤድንብራ ከተማ የሕክምና ተማሪ ነበር። በ1687 መጀመሪያ ላይ በያዘው የግል ማስታወሻ ውስጥ ከምሳ በኋላ ወደ ጎልፍ ሜዳ እየወጣ የሞከረውን ይመዘግባል። እንደ እርሱ አገላለጽ ተጫዋቹ በቀጭን ሰይፍ እንደሚጋጠም ሰው ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ መቆም አለበት፤ ኳሱም ከደረቱ ትይዩ ሆኖ ጥቂት ወደ ግራ እግሩ መጠጋት አለበት። የጨዋታውን ደንብ በቃል ለመያዝ እንዲመች በግጥም ጭምር አሰናድቶታል። ከእርሱ የቀደመ የጎልፍ አጨዋወት መመሪያ እኔ አላውቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ ኪንኬድ ለማንም አላስተማረም፤ ለራሱ ጻፈ። ሁለተኛው፣ የኳሱን ቦታ የለካው ከደረቱ ተነሥቶ ነው። ሜትርም ሆነ መሥመር አላስፈለገውም። ለአንድ የሕክምና ተማሪ የሰው አካል ራሱ በቂ መለኪያ ነበር። ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ ይህ መለኪያ ከአካል ወጥቶ እንዴት ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ መሣሪያ እንደ ተሻገረ የሚያሳይ ነው።

ኪንኬድ የመታው ኳስ በላባ የተሞላ ከቆዳ የተሰፋ ኳስ ነበር። ዋጋው ውድ፣ ውሃ ሲነካውም የሚከብድና የሚበላሽ ነበር። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከተባለ የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽ ኳስ መጣ። የኳሱ ዋጋ ሲወርድ ተጫዋቹ በዛ፤ ተጫዋቹ ሲበዛ አባቱ ወይም ጎረቤቱ ጨዋታውን ያላስተማሩት ሰው በዛ። መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ሄንሪ ብሩም ፋርኒ በ1857 በብዕር ስም ያሳተመው መመሪያ ለጎልፍ ትምህርት የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተብሎ የሚታወቀውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አሁን ጽሑፉ ከጸሐፊው አካል ተለይቶ፣ ጸሐፊውን አይቶት ለማያውቅ ሰው መናገር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ተፋጠነ። በ1898 የላስቲክ ክር የተጠቀለለበት የሃስኬል ኳስ ተፈለሰፈ፤ ሳንዲ ኸርድ በ1902 የብሪታንያን ኦፕን ሻምፒዮና ያሸነፈው በዚህ ኳስ ነው። በ1899 የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ጆርጅ ፍራንክሊን ግራንት ኳስ የሚቀመጥበትን የእንጨት ችንካር የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ጥቁር አሜሪካዊው ግራንት ፈጠራውን ለገበያ ስላላዋለው ችንካሩ የተስፋፋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሱን የሚያስቀምጠው በእጁ በቆነጠረው ትንሽ የአሸዋ ቁልል ላይ ነበር። ኳሱ ከመሬት በአስተማማኝ ሁኔታ ከፍ ሲል ዱላው እየወጣ ሊያገኘው ይችላል፤ እየወጣ እንዲያገኘው ደግሞ ኳሱ ወደ ግራ እግር መጠጋት አለበት። የኳሱ ቦታ የተጫዋቹ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የችንካሩም፣ የዱላውም፣ የኳሱ ጥሬ ዕቃም ውጤት ነው።

በዚህ ዘመን የቆመው ታላቅ ስም ሃሪ ቫርደን ነው። በ1896 እና በ1914 መካከል ኦፕን ሻምፒዮናን ስድስት ጊዜ አሸንፏል። በ1905 ያሳተመው መጽሐፍ ለትምህርት የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዟል። አንባቢው ከእንግዲህ ቃሉን ብቻ አያነብም፤ ሰውየውን ያያል፤ ወይም ያየ ይመስለዋል።

የእኔ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተነሡ የተጫዋቾች ፎቶግራፎችን ሰብስቤ፣ በማስመሪያ ለክቼ፣ አንድ ጥናት አቀረብሁ። መደምደሚያዬ ደፋር ነበር፦ «ታላላቆቹ ተጫዋቾች በመጽሐፍ ያስተማሩትን ራሳቸው አልፈጸሙም፤ ኳሱን ከሚናገሩት ይልቅ አብዝተው ወደ ግራ አስጠግተዋል» የሚል። በውይይቱ መጨረሻ አንድ አረጋዊ መምህር እጃቸውን አንሥተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ፎቶግራፍ አንሺው የት ቆሞ ነበር?» መልስ አልነበረኝም።

ያን ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። ኳሱ ከተጫዋቹ ጣቶች 80 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ካሜራው ደግሞ ከጣቶቹ መሥመር 4 ሜትር ይራቅ። ካሜራው በትክክል ከኳሱ ትይዩ ከመቆም ይልቅ 1 ሜትር ወደ ጎን ቢሸሽ፣ በፎቶግራፉ ላይ ኳሱ ከእግሮቹ አንጻር 25 ሴንቲ ሜትር ተንሸራቶ ይታያል። ካሜራው ወደ ዒላማው ከሸሸ ኳሱ ወደ ቀኝ እግር፣ ከዒላማው ከራቀ ደግሞ ወደ ግራ እግር የቀረበ ይመስላል። እኔ በታላላቆቹ ላይ የፈረድሁበት ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነበር። ያንን ጥናት ሳላሳትመው ቀረሁ። ሰዎቹን ያልሠሩትን ሠሩ ብዬ ልከሳቸው ከጫፍ ደርሼ እንደ ነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ ሙታን ናቸውና መልስ አይሰጡም።

ወደ 1957 ልለፍ። ከፋርኒ መጽሐፍ በትክክል መቶ ዓመት በኋላ ቤን ሆጋን ከጸሐፊው ሄርበርት ዋረን ዊንድ ጋር አምስት ትምህርቶችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹን የሠራው አንቶኒ ራቪዬሊ ነው። ሆጋን በ1949 በመኪና አደጋ ዳሌው ተሰብሮ ከሞት የተረፈ፣ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ ሰው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ኳሱ ከግራ ተረከዝ አንጻር ቦታውን አይለቅም፤ የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እግር ነው። ዱላው ረጅም ሲሆን ቀኝ እግር ይርቃል፤ ሲያጥር ይቀርባል። ጃክ ኒክላውስም በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ ለተለመዱት ምቶች ኳሱን ከግራ ተረከዙ አንጻር በአንድ ቦታ ማቆየትን ይደግፋል። ሌሎች ብዙ አስተማሪዎች ግን ዱላው ባጠረ ቁጥር ኳሱ ከግራ ተረከዝ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ እግሮቹ መካከል ይሂድ ይላሉ።

ሁለቱ ወገኖች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። እኔ ግን ክርክሩ ቢያንስ በከፊል የመለኪያ እንጂ የተግባር አይመስለኝም። ቀኝ እግር ብቻ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ እግር ቢጠጋ፣ የሁለቱ እግሮች መካከለኛ ነጥብ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ይንቀሳቀሳል። ኳሱን ማንም ሳይነካው ከተረከዝ ለሚለካ ሰው በቦታው አለ፤ ከመካከል ለሚለካ ሰው ግን ወደ መካከል ሄዷል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

ሌላም አለ። ሆጋን ግራ እግርን ጥቂት ወደ ዒላማው አዙሩ፣ ቀኙን ግን ቀጥ አድርጉ ይላል። 28 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እግር በተረከዙ ላይ 22 ዲግሪ ቢዞር፣ የጣቶቹ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ዒላማው ይሄዳል። ስለዚህ «ከግራ እግር ትይዩ» የሚል ምክር ተረከዝ ይሁን ጣት ካልተናገረ፣ ሁለት ታዛዥ ተማሪዎችን ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይልካቸዋል። ያልተሳካለት ተማሪም ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል እንጂ በዓረፍተ ነገሩ ላይ አያደርግም።

ሆጋን በወጣትነቱ ኳሱ ወደ ግራ አለቅጥ እየተጠመዘዘ ያስቸገረው ተጫዋች እንደ ነበር ይታወቃል። ብዙዎች መጽሐፉን ለዚህ ችግር የተቀመመ መድኃኒት አድርገው ያነቡታል። ኳሱ ወደ ቀኝ ለሚሸሽበት ሰው ያው መድኃኒት በሽታውን ሊያብስ ይችላል። ኪንኬድ ለራሱ የጻፈውን ለራሱ አስቀረው፤ ሆጋን ከራሱ አካል ያገኘውን ለሁሉም ሰጠ። መጽሐፉ ያስተማራቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የአንድ አካል ታሪክ የሁሉም አካል ሕግ ሆኖ ሲታተም የሚጠፋ ነገር አለ።

በ1968 አላስተር ኮክራን እና ጆን ስቶብስ ያሳተሙት ሳይንሳዊ ጥናት፣ ከ2003 ወዲህ ደግሞ በዴንማርክ የተመሠረተው የትራክማን ኩባንያ ራዳር ብዙ ግምቶችን አስተካክለዋል። ዱላውና ኳሱ የሚነካኩት ለግማሽ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የቀድሞ መመሪያዎች ኳሱ ዱላው በሚሄድበት አቅጣጫ ይነሣል ይሉ ነበር፤ ልኬቱ ግን በአመዛኙ የዱላው ፊት በተመለከተበት አቅጣጫ እንደሚነሣ አሳየ። ሆኖም ራዳሩ የዱላውንና የኳሱን እንቅስቃሴ ይነግረናል እንጂ ለአንድ የተወሰነ ሰው፣ ለቁመቱ፣ ለጀርባው ሕመም፣ ለትከሻው ስፋት የሚስማማውን አቋቋም አይመርጥለትም። እዚያ ላይ ስንደርስ እንደ ኪንኬድ ወደ ሜዳ ወጥቶ ከመሞከር ሌላ መንገድ የለም።

ስለዚህ «ኳሱ የት ይቀመጥ?» ለሚለው የታሪክ ባለሙያው ድርሻ ሌላ ጥያቄ መጨመር ነው፦ ከምን አንጻር? ከደረት፣ ከተረከዝ፣ ከጣት፣ ከእግሮች መካከል ወይስ ከካሜራው? ይህን የምለው ለጎልፍ ብቻ አይደለም። ሽመና፣ እርሻ፣ ዜማ፣ የእጅ ጥበብ፣ አካል የሚያውቀው ማንኛውም ነገር ወደ ጽሑፍ ሲገባ አንድ መነሻ ነጥብ ይመረጣል፤ ጸሐፊው ግን መነሻውን የሚያውቀው ስለ መሰለው ሳይናገረው ያልፋል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለውን ሰነድ የሚያጠና ተማሪ ካለ፣ በጸሐፊው ላይ ከመፍረዱ በፊት እርሱ ከየት ቆሞ እንደ ለካ ይፈልግ። እኔ ይህን ጥያቄ የሰማሁት ፍርዴን ከሰጠሁ በኋላ ነበር።