ሞክሼ በመረብ ላይ፤ ስለ መሣሪያዎች ስም መመሳሰል ታሪካዊ ማስታወሻ

በአንድ የቤት ውስጥ መረብ ላይ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ስም ይዘው ሲገኙ ለባለቤቱ የሚቀርበው ማስታወቂያ በአማርኛ እንዴት ይጻፍ? ጥያቄው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመሣሪያ መመሪያዎችንና የስልክ ገጾችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ደጋግመው የሚገናኙት ነው፤ «የስም ግጭት» ብሎ ማለፍም ይቀናል። ይህ ጽሑፍ «ግጭት» ነገሩን በሚገባ አያስረዳም ከሚል አስተያየት ተነሥቶ፣ በመረብ ላይ ስም የማውጣት ሥርዓት ያለፈበትን መንገድ በአጭሩ ይመለከታል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአዊ ዞን፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ ተወስደዋል፤ ይኸውም አካባቢው አንድ ነገር ብዙ ስም፣ አንድ ስምም ብዙ ባለቤት ይዞ የሚገኝበት፣ ሁለት ቋንቋም በአንድ ፊደል የሚጻፍበት ስለሆነ ነው።

አማርኛ ለተጠቀሰው ሁኔታ የራሱ ቃል አለው። አንድ ስም የሚጋሩ ሁለት ሰዎች ሞክሼ ይባላሉ፤ በስማቸው መጠራራታቸውን ትተው «ሞክሼ» ሲባባሉም እንሰማለን። በቃሉ ውስጥ ጠብ የለም፤ እንዲያውም የመቀራረብ ስሜት አለበት። ሞክሼነት ችግር የሚሆነው ጠሪው ሲጣራ ሁለቱም አቤት ያሉ እንደሆነ ብቻ ነው። ለዚያም መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የአባት ስም ይታከላል፣ እርሱም ካልለየ የአያት።

ከአንባቢው የማይሰወር ሁለተኛ ፍችም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ። በመጀመሪያው ፍች ባለቤቶቹ ሁለት፣ ስሙ አንድ ነው፤ በሁለተኛው መልኩ ሁለት፣ ድምፁ አንድ ነው። እነዚህ ሁለት ፍችዎች በመረብ ላይ እንደገና ይገናኛሉ።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። የዛሬው ኢንተርኔት አባት በሆነው በአርፓኔት መረብ ላይ መጀመሪያ የታየው ችግር የሞክሼ ሳይሆን ተቃራኒው ነበር። እያንዳንዱ ተቋም ሌሎቹን ኮምፒዩተሮች በመሰለው ስም እየመዘገበ ይጠራ ስለነበር አንዱ ኮምፒዩተር በየቦታው ልዩ ልዩ ስም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፔጊ ካርፕ ስሞቹ አንድ ወጥ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበች። ከዚያ በኋላ የስሞቹ ዝርዝር በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ኤሊዛቤት ፋይንለር ትመራው በነበረው የመረጃ ማዕከል በአንድ መዝገብ ይጠበቅ ጀመር። አዲስ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሁሉ ስሙን ለማዕከሉ ያሳውቃል፤ መዝገቡም ለሁሉም ይሠራጫል። የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ይህን አሠራር ሲያይ የራሱን የካርድ ሣጥን ማስታወሱ አይቀርም። ካርዱ ሲበዛ የሚደርሰውም ያው ነው፤ ዝርዝሩ አበጠ፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ስሞች ቀድሞ በመጣው ተያዙ፣ ሞክሼም በዛ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ያቀረበው የስም ሥርዓት ይህን የፈታው ለስም ወላጅ በመስጠት ነው። አንድ ስም በራሱ ብቻ አይቆምም፤ በስተቀኙ የያዘው ተቋም፣ ከዚያም የያዘው ሀገር ወይም ዘርፍ ይከተላል። ከልዩው ጀምሮ ወደ ሰፊው የሚሄድ ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ መጠሪያ ቢኖራቸውም ወላጃቸው እስከተለያየ ድረስ አይምታቱም። ለእኛ እንግዳ ሊሆን የሚገባው አልነበረም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ የሚጽፍ ሕዝብ ሥርዓቱን ከነቅደም ተከተሉ ያውቀዋል፤ የቤተሰብን ስም አስቀድሞ ለሚጽፍ ሕዝብ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የቤት ውስጥ መረብ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ቀርቷል። በቤት ውስጥ መዝገብ ያዥ የለም፤ መሣሪያዎቹ ራሳቸው እየተጠያየቁ ስም ይይዛሉ። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው፣ በ2013 በስቱዋርት ቼሻየርና በማርክ ክሮችማል ስም እንደ ወጥ ደንብ የታተመው አሠራር እንዲህ ነው። አዲስ የተከፈተ ቴሌቪዥን «በዚህ ስም የሚጠራ አለ?» ብሎ በሩብ ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። የሚመልስ ከሌለ ስሙ የእርሱ ነው። «እኔ አለሁ» የሚል ከተገኘ አዲሱ መጤ ሌላ ስም ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም በስሙ ጫፍ 2 ቁጥርን ይለጥፋል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ መረጃቸው በቅደም ተከተል ተነጻጽሮ ኋላ የሚውለው ያሸንፋል። (በመዝገበ ቃላት ተራ ኋላ መምጣት የሚጠቅምበት ሌላ ቦታ አላውቅም።) አሠራሩ ራሱ ከሞክሼ አላመለጠም፤ መጀመሪያ የወጣለት «ራንዴቩ» የሚለው ስም ቀደም ብሎ ቲብኮ በተባለ ኩባንያ ለሌላ ምርት ተይዞ ስለነበር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 «ቦንዡር» ተባለ።

እንግዲህ ዳንግላ ውስጥ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ተከራዮች አንድ ዋይፋይ በጋራ ይጠቀማሉ፣ ሁለቱም አንድ ዐይነት ቴሌቪዥን ገዝተዋል እንበል። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ይዘው የወጡት ስም አንድ ነው፤ ዘግይቶ የተከፈተው «2» ይሆናል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ቀድሞ የሚነሣው የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ትናንት «2» የነበረው ዛሬ ያለ ቁጥር ሊገኝ ይችላል። አንደኛው ቤት ከስልኩ የላከው የልጆች ተረት በጎረቤት መስኮት ይታያል። ማሽኑ በበኩሉ ሥራውን ጨርሷል፤ ለእርሱ ሁለት ስሞች ተለይተዋል። ሰው ግን ሳሎኑን ከጎረቤቱ ሳሎን አልለየም። ሌላም አለ፤ አንድ መሣሪያ በገመድም በዋይፋይም ሲያያዝ የራሱን ጥሪ ዞሮ ሰምቶ እንደ ባዕድ ሊቈጥረውና ራሱን «2»፣ ቈይቶም «3» ብሎ ሊሰይም ይችላል። ይህ ሞክሼነት አይደለም፤ ባለቤቱ አንድ ነው። መፍትሔውም የተለየ ነው፤ ለመጀመሪያው ስም መለወጥ፣ ለሁለተኛው ከሁለቱ ግንኙነቶች አንዱን መዝጋት። «የስም ግጭት» የሚለው አንድ ሐረግ ሁለቱን ሲሸፍን አንባቢው ለተሳሳተ በሽታ መድኃኒት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፊደሉ እንመለስ። የኢንተርኔት የኮምፒዩተር ስም ለረጅም ዘመን ከላቲን ፊደል፣ ከአኃዝና ከሰረዝ በቀር አይቀበልም ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን በቤት መረብ ላይ ለሚታየው መጠሪያ ሊያገለግል ችሏል። ስፋቱ 63 ባይት ነው፤ አንድ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ 21 ፊደል ይበቃናል ማለት ነው። ይህ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ደንቡ ስለ መመሳሰል የሚለው ነው። የላቲን ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ አንድ ይቈጠራሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በባይቱ ብቻ ይነጻጸራል። ስለዚህ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለመረቡ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሦስት ቴሌቪዥኖች በእነዚህ ቢሰየሙ ማንም አይቃወምም፤ ስሙን በቃሉ የሚጠራው ሰው ግን ሦስቱንም ባንድ ድምፅ ይጠራል። የላቲን ጸሓፊ በመልክ ተለይቶ በንባብ አንድ ከሆነ ስም ሲጠበቅ፣ የእኛ ጸሓፊ አይጠበቅም። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም በርእሱ ላይ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ ዐ እንደጻፈ እናስታውሳለን፤ የከተማችንን ስም ግን በአልፋው አ እንጽፋለን። ሊቃውንት ለዘመናት የተከራከሩበት የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ በዚህ መንገድ ሳሎናችን ውስጥ ገብቷል።

አዊ ውስጥ ነገሩ አንድ እርከን ይጨምራል። የሕዝቡ ቋንቋ በራሱ አጠራር አውጚ ነው፤ ጚ በአማርኛ የሌለውን የላንቃ ጀርባ ነንፋሽ ድምፅ ይወክላል። ይህ ፊደል በእጁ የሌለ ሰው በን እና በጊ ተክቶ ይጽፈዋል፤ መረቡም ሁለቱን እንደ ባዕድ ያያቸዋል። ከተሞቹም እንዲሁ ናቸው፤ ዳንግላና ዳንጊላ አንድ ከተማ ናቸው፤ እንጅባራና ኮሶበርም እንዲሁ፣ ምንም እንኳ ሁለቱ ስሞች በድምፅ የሚገናኙበት ባይኖርም። በአንጻሩ «አገውኛ» የሚለው ስም አውጚንም፣ የዋጉን ኽምጣንጛንም ሊይዝ ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ሞክሼ ነው። የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ከዚህ የወጡት ቀስ በቀስ ነው። ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ግሡ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ «ደቡብ አገው» አለ፤ በ1978 ስለ ስሙ ሲጽፍ «አውጚ» የሚለውን አስቀድሞ «ደቡብ አገው»ን በቅንፍ አስገባ። ባለቤቱ የሚጠራበት ስም ፊት ሲመጣ የአቅጣጫ ስም መለያ ሆኖ ከኋላ ተከተለ። ለመሣሪያም የሚያስፈልገው ይኸው አሠራር ነው።

ስለሆነም ለተርጓሚዎች የሚከተለውን አቀርባለሁ። ሁለት መሣሪያዎች አንድ ስም ሲይዙ «ሞክሼ ስም»፤ አንድ መሣሪያ በሁለት ስም ሲታወቅ «ተለዋጭ ስም»፤ አንድ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ሲቈጠር «ድርብ ምዝገባ» ይባል። «ግጭት» የሚለው ቃል ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ስሙን ሲጠይቁ ለሚሆነው ብቻ ቢቀር ይበጃል። ሞክሼ የመንደር ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ፊደል ሲነገር ቃሉ ከሰዋስው መማሪያ ከገባ ቈይቷል። 2 ቁጥርንም የአባት ስም ቦታ ባይዝ መልካም ነው፤ መለያው ክፍሉ ወይም ቤቱ ይሁን። ማስታወቂያውም እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ቴሌቪዥን የሚለው ስም በዚህ መረብ ላይ ሞክሼ አለው። እባክዎ መሣሪያው ያለበትን ክፍል ያክሉ፤ ለምሳሌ፦ ቴሌቪዥን ሳሎን።»