«ድንጋይ መፍጫው» ካምቢዮ፦ የጩኸቱ ምክንያትና የዝናው መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ባለ ከፍተኛ ጉልበት መኪኖች ሲወሱ ስሙ አብሮ የሚነሣው ኤም 22 በኢንዲያና ግዛት፣ በማንሲ ከተማ የተሠራና አሽከርካሪዎች ከድምፁ ተነሥተው «ድንጋይ መፍጫ» ያሉት ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ካምቢዮ፣ እንደ ማርሽና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ አማርኛ ከጣሊያንኛ የወሰደው ቃል ሲሆን፣ የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ እንደ ጭነቱና እንደ ፍጥነቱ እየመጠነ ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ክፍል ያመለክታል።

በቀደሙት ካምቢዮዎች በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ማርሾች በቀጥታ ይገጣጠሙ ስለነበር፣ አሽከርካሪው ፍሪሲዮንና ነዳጅ መስጫውን አቀናጅቶ ፍጥነታቸውን ካላመሳሰለ በቀር ጥርሶቹ ይፋጩ ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው ኧርል ቶምፕሰን የፈለሰፈውና ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ለገበያ ባቀረባቸው መኪኖች ላይ የዋለው ሲንክሮናይዘር፣ ማለትም ማርሹ ከመግባቱ በፊት በሰበቃ ኃይል ፍጥነቶቹን የሚያስተካክል መሣሪያ ነው።

የአሜሪካ መኪኖች በአብዛኛው ባለ ሦስት ማርሽ በነበሩበት ዘመን፣ ቦርግ ዋርነር የተባለው ኩባንያ የኋላ ማርሹን ወደ ካምቢዮው ጅራት አዛውሮ ለአራተኛው ማርሽ ቦታ በማስገኘት ቲ 10ን ሠራ፤ ይህም በ1957 ኮርቬት ለተባለው የስፖርት መኪና ቀረበ። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ1963 ቀፎው ከአልሙኒየም የሆነ የራሱን ካምቢዮ በማንሲ ማምረት ጀመረ። ከዚህ ቤተሰብ ኤም 21 የተባለው፣ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 2.20 ጊዜ ሲዞር መውጫ ዘንጉ አንድ ጊዜ የሚዞርና የማርሾቹ ልዩነት የተቀራረበ በመሆኑ፣ ማርሽ ሲቀየር የሞተሩ ዙር ብዙ አይወርድም ነበር።

ኤም 22 ይህንኑ ምጣኔ ይዞ የጥርሶቹን ቅርጽ ለወጠ። በተለመደው ካምቢዮ ጥርሶቹ ዘንበል ተደርገው ስለሚቀረጹ ቀስ በቀስ ይነካካሉ፣ ስለዚህም ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሆኖም ያው ዝንባሌ ማርሾቹን በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ ይገፋቸዋል፣ ግፊቱም የሞተሩ ጉልበት በጨመረ መጠን እየበረታ ኩሽኔታዎቹንና ቀፎውን ያስጨንቃል፣ ሙቀትም ያበዛል። መሐንዲሶቹ ዝንባሌውን በመቀነስ ጥርሶቹን ወደ ቀጥተኛነት ሲያቀርቧቸው ግፊቱም ሙቀቱም ቀነሰ፤ የጥርሶቹ መነካካት ግን ድንገተኛ እየሆነ ስለሄደ፣ መኪናው ሲሮጥ ከወለሉ ሥር ከፍ ያለ ፉጨት መሰማት ጀመረ።

በዚህ ምክንያት ጩኸቱ የብልሽት ምልክት ሳይሆን መሐንዲሶቹ አውቀው የከፈሉት ዋጋ ነበር፤ ለቤተሰብ መኪና ጉድለት ተብሎ የሚቆጠረው ድምፅም ለእሽቅድምድም ለተዘጋጀ መኪና መታወቂያው ሆነ። የማንሲው ካምቢዮ ምርት በ1974 ቢቆምም የኤም 22 ዝና ያልደበዘዘው፣ ስሙን ያወጣለት ጩኸትና ያስመሰገነው ጥንካሬ ከአንድ ምንጭ፣ ከጥርሶቹ ዝንባሌ፣ የተገኙ በመሆናቸው፣ አሽከርካሪው የንድፉን ምርጫ በጆሮው ይሰማው ስለነበር ነው።