ስለ ረጅም ሕንፃና ስለ መሠረቱ

መተማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመጋቢት 1881 ዓመተ ምሕረት በዚያ ቆስለው ያረፉትን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ነው። ተገቢም ነው። እኔ ግን ለወጣቱ አንባቢ የማወራው ስለዚያ አገር አፈር ነው፤ አፈርም የራሱ ታሪክ አለውና።

ከጎንደር ወርዶ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ ሱዳን ወሰን የሚሄድ መንገደኛ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ የሚያበቅል ሰፊ ጥቁር መሬት ያያል። ይህ ዋልካ ለገበሬ በረከት ሲሆን ለግንበኛ ግን ፈተና ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ በትር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። እንዲህ እያለ በላዩ ያለውን ሁሉ በየዓመቱ ሲያነሣና ሲጥል ይኖራል። የእንጨትና የሣር ጎጆ ከመሬቱ ጋር ጥቂት ቢወዛወዝ አይጎዳም። የብሎኬት ግድግዳ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

አንድ ዘመዴ በዚያ ቆላ የብሎኬት ቤት ሊሠራ ተነሣ። ግንበኛው «ጋሼ፥ ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ብንቆፍር ይሻላል» ቢለው፥ «ገንዘቤን ጉድጓድ ውስጥ አልቀብርም፤ ሰው የሚያየው ግድግዳውን ነው» ብሎ በሁለት ክንድ አስቀረው። ሁለተኛው ክረምት ባለፈ ጊዜ ግድግዳው ከበሩ ማዕዘን እስከ ጣሪያው ድረስ በሰያፍ ተተረተረ። በዘመዴ መሳቅ ይቀላል፤ ዳሩ ግን ከእርሱ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችም በዚሁ ነገር ተሰናክለዋል።

በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ የአክሱም ድንጋይ ጠራቢዎች፥ ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጎቦ ዱራ አንድ ወጥ ድንጋይ ፈልፍለው አወጡ። ርዝመቱ 33 ሜትር ነው፤ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ይገመታል። በላዩ በርና መስኮት ያለው ባለ 13 ደርብ ቤት አስመስለው ቀረጹበት። ብረትና ሲሚንቶ የሕንፃ ሥራ ባልሆነበት ዘመን ጠባብ መሠረት ያለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በድንጋይ አሰቡ ማለት ነው። ወደ መሬት እንዲገባ የተተወለት ግን ከ3 ሜትር ያነሰ ነበር፤ ይኸውም ከጠቅላላ ርዝመቱ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሊቃውንት እንደሚያምኑት ሐውልቱ ሲያቆሙት ሳለ ወይም ከቆመ ጥቂት ቆይቶ ወደቀ። ጫፉም ንፋስ ማውጫ የሚባለውን መቃብር 360 ቶን የሚያህል ክዳን መታ፤ እርሱም ተሰባበረ። ዛሬም በወደቀበት ተኝቶ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረጅም ነገር ቀጥ ብሎ እስከ ቆመ ድረስ ክብደቱ በመሠረቱ መካከል ይወርዳል። ነፋስ ሲገፋው ወይም መሬቱ በአንድ ወገን ሲሰምጥ ግን ክብደቱ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ዳሩም ከአቅሙ በላይ ሲጫነው ይበልጥ ይሰምጣል፥ ሕንፃውም ይበልጥ ያዘነብላል። ስፋቱ ሳይለወጥ ቁመቱ እጥፍ ቢሆን፥ ነፋሱ የሚመታው ገጽ እጥፍ ይሆናል፤ የሚገፋበትም ከፍታ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመገልበጡ ኃይል አራት እጥፍ ነው እንጂ ሁለት እጥፍ አይደለም።

የአክሱም ሰዎች ይህን ጨርሶ አያውቁም ነበር ለማለት አልደፍርም። በዚያው ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሌላው ሐውልታቸው ጥቂት ዘንበል ብሎ ከ1600 ዓመት በላይ ቆሞአል። እንደ እኔ ግምት ስሕተታቸው ትንሹን ያቆመ ጥበብ ትልቁንም ያቆማል ማለታቸው ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት 160 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ታላቁ በ9 ሜትር ብቻ ቢበልጠው ክብደቱ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ይህን የ24 ሜትር ሐውልት ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ወስደውት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶአል። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ሲመረቅ ከሥሩ አዲስ የአርማታ መሠረት ተሠርቶለት ነበር፤ ጎረቤቱ ሐውልትም በሥራው እንዳይናወጥ ታስሮ ተጠበቀ።

የኢጣልያኖችም የራሳቸው ግንብ አዘንብሎባቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1173 በፒዛ ከተማ ለተጀመረው፥ ኋላም 56 ሜትር ገደማ ለደረሰው ግንብ 3 ሜትር ያህል ብቻ በለስላሳ ሸክላ አፈር ላይ ቆፈሩለት። ሦስተኛው ደርብ ላይ ሲደርስ ማዘንበል ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሥራው መቶ ዓመት ያህል ተቋረጠ፤ የሚገርመው ግን ያዳነው ይህ መቋረጥ ነው፤ በዚያ ዘመን ከሥሩ ያለው ሸክላ ቀስ በቀስ ተጨምቆ ጠንክሮአልና። እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘግቶ በ2001 እስኪከፈት ድረስ፥ መሐንዲሶች ካላዘነበለበት ወገን ሥር አፈር በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አቀኑት።

የዛሬ መሐንዲስ በጠባብ ቦታ ላይ ረጅም ሕንፃ ሲሠራ አስቀድሞ መሬቱን ሰርስሮ ናሙና ያወጣል። ዓለቱ ቅርብ ከሆነ ሕንፃውን በብረት ከዓለቱ ጋር ያስረዋል፤ በኒውዮርክ 435 ሜትር ከፍታ ያለውና ከጎኑ ስፋት 24 ጊዜ ያህል የሚረዝመው ሕንፃ የቆመው እንዲሁ ነው። ዓለቱ ሩቅ ከሆነ ረጃጅም የአርማታ ምሰሶዎች ወደ ታች ይሰዳል። እንደ መተማ ባለ ዋልካ ላይ ለሚሠራ ትንሽ ቤት ግን ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላትና የጣሪያውን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ብዙ ይረዳል።

ዘመዴም ያንን ግድግዳ አፍርሶ እንደገና አስቆፈረ። ግንበኛው ያው የመጀመሪያው ነበር፤ ያለፈውን ነገር አላነሣበትም። ቆፋሪዎቹ ትከሻቸው ድረስ ወርደው አካፋቸው ጠጠር ሲነካ ድምፁ ተለወጠ። ዘመዴ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ያን ጊዜ ቆፍር ያልኸኝ እስከዚህ ነበር?» ብሎ ጠየቀው።