ስም ዋስ ሲሆን

በናይሮቢ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው ሩንዳ ቀድሞ የቡና እርሻ የነበረ፣ ኋላ ግን ዲፕሎማቶችና ባለሀብቶች የሰፈሩበት መንደር ነው። ከከተማው እምብርት ራቅ ያለ በመሆኑ ያለ መኪና መኖር ያስቸግራል። አዲስ መኪና የሚገዛ የሩንዳ ነዋሪ ውል የሚፈራረመው ከናይሮቢው ወኪል ሻጭ ጋር ነው፤ በመኪናው ግንባር ላይ የተለጠፈው ስም ግን የባሕር ማዶው ፋብሪካ ነው። ወኪሉ ፍሬኑን በወጉ ሳያስተካክል ቢያስረክብና አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ውሉን የፈረመው ወይስ ስሙን ያዋሰው?

በሀገራችን ጥንታዊ የውልና የሙግት ሥርዓት ዋስ መጥራት ያልቻለ ሰው ቃሉ እምብዛም አይታመንም ነበር። የመኪናው ዓለም ግን ይህን ቀላል ጥበብ ለመቀበል ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። በ1842 (ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) የፖስታ ሠረገላ ተሰብሮ የተጎዳ እንግሊዛዊ ነጂ፣ ሠረገላውን ያቀረበውን ሰው ቢከስ ተረታ። አቅራቢው የተዋዋለው ከፖስታ መሥሪያ ቤቱ ጋር እንጂ ከነጂው ጋር አልነበረምና።

ይህ ግድግዳ በአሜሪካ የተናደው በመኪና ምክንያት ነው። ማክፈርሰን የተባለ ሰው ከወኪል ሻጭ የገዛው ቢዊክ መኪና የእንጨት መንኮራኩሩ ተሰብሮ ጉዳት አደረሰበት። ኩባንያው «ውል የለንም፤ መንኮራኩሩንም የሠራው ሌላ ፋብሪካ ነው» ሲል ተከራከረ። በ1916 የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ብዕር ክርክሩን ውድቅ አደረገው። በቸልተኝነት ከተሠራ አደጋ የሚያስከትል ዕቃ ለገበያ የሚያቀርብ አምራች፣ ውል ባይኖርም ለተጠቃሚው የጥንቃቄ ግዴታ አለበት ተባለ።

የወኪሉ ጥፋት ራሱን ችሎ የተነሣው ግን በ1964 በካሊፎርኒያ ነው። ቫንደርማርክ የተባለ ሰው የገዛው ፎርድ ስድስት ሳምንት ገደማ እንዳገለገለ በፍሬን ብልሽት ሳቢያ ከመንገድ ወጣ። ፎርድ የመጨረሻውን ምርመራና ማስተካከያ የሚያደርጉት ነጻ ነጋዴዎች የሆኑት ወኪሎቹ ናቸው አለ። ዳኛ ሮጀር ትሬነር የጻፉት ፍርድ ግን አምራቹ መኪናውን ከአደገኛ ጉድለት ንጹሕ አድርጎ ለገዢው የማድረስ ግዴታውን ለሌላ አስተላልፎ ሊያመልጥ አይችልም አለ። ወኪሉም ከተጠያቂነት አልዳነም።

ወደ ናይሮቢ ስንመለስ፣ የኬንያ ፍርድ ቤቶች የእንግሊዝን የጋራ ሕግ ወርሰዋል። በ1932 በዝንጅብል ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ተገኘ በተባለ ቀንድ አውጣ ምክንያት የተሰጠው ዝነኛ ፍርድ አምራችን በቀጥታ ለመክሰስ በር ከፍቷል። የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ደግሞ ሸማቹ ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃ የማግኘትና በጉድለት ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው ደንግጓል። በኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ በተለመደ አጠቃቀም ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሆኖም ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ኃላፊነቱ ይቀራል። ቁጥር 2134 ደግሞ ነጻነቱን ጠብቆ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አሠሪው አይጠየቅም ስለሚል፣ ለፋብሪካው መከራከሪያ ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ወኪሉ በሒሳብ ቢያጭበረብር ወይም ያልለወጠውን ዕቃ ለወጥኩ ቢል፣ ፋብሪካውን ተጠያቂ ለማድረግ ቁጥጥሩን ወይም የሰጠውን ሥልጣን ማሳየት ያስፈልጋል። ወኪልነት ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። በ1948 የተመሠረተው የናይሮቢው ሲ ኤም ሲ ሞተርስ ለብዙ ዓመታት የታወቁ መኪናዎች ወኪል ነበር። በ2014 የዱባዩ አል ፉጠይም ገዛው፤ በጥር 2025 ግን ከምሥራቅ አፍሪካ ገበያ እንደሚወጣ ተገለጸ። ዋስትናው በወኪሉ ላይ ብቻ የቆመ ገዢ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚይዘው ያጣል። የካሊፎርኒያው ፍርድ ትርጉም የሚጎላው እዚህ ላይ ነው፤ ወኪሉ ቢሄድም በመኪናው ግንባር ላይ ያለው ስም ይቀራል፣ ዋስ ሆኖም ሊጠራ ይገባል።