የጓሮ በር

ድሬዳዋ ባደግሁበት ሰፈር የኩባ ወታደር ብርቅ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ኮምፓኜሮ!» እያልን ከኋላቸው እንሮጣለን፤ እነሱም ይስቃሉ፤ ከረሜላ የያዘ ከረሜላ፣ ያልያዘ ሰላምታ ይሰጠናል። አንዱ ከደረት ኪሱ የሴት ልጁን ፎቶግራፍ አውጥቶ ሲያሳየን ትዝ ይለኛል። ይህ ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ ለምን መጣ? መምጣቱስ አገሩን ምን አስከፈላት? ብለን አልጠየቅንም። ልጆች ነና!

ለጥያቄዬ መልስ የሚሆን ነገር ያገኘሁት ጎልምሼ፣ የአንድ አሜሪካዊ ምሁር መጽሐፍ ሳነብ ነው። ዊሊያም ሊዮግራንድ ይባላል። ዋሽንግተን በሚገኘው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ነው። ዕድሜውን የሰጠው ለአንድ ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለአሜሪካና ለኩባ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዘመን ሁሉ የፈረንጆቹ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ሁለቱን አገሮች የሚለያቸው ባሕር 90 ማይል ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን ትንሽ አለፍ እንደማለት። ግን ከጥር 1961 ጀምሮ ኤምባሲ ተዘግቶ፣ ንግድ ታግዶ፣ ቤተሰብ ከሁለት ተከፍሎ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተኮራርፈው ኖሩ። ዓለምም የፊት በሩ ስለተቆለፈ ቤቱ ሌላ በር የለውም ብሎ አመነ።

ሊዮግራንድና የሙያ ባልደረባው ፒተር ኮርንብሉ የጓሮውን በር ፈለጉ። ከምሥጢርነት የወጡ ሰነዶችን እያሳደዱ፣ በሕይወት ያሉትን ተደራዳሪዎች እያነጋገሩ ዓመታት ፈጀባቸው። በ2014 ያሳተሙት መጽሐፍ መልእክት በአጭሩ ይህ ነው፤ ከአይዘንሃወር ጀምሮ ከኩባ ጋር በሆነ መንገድ ያልተነጋገረ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የለም። በአደባባይ ይዘላለፋሉ፤ በጓሮ ይላላካሉ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ከሰነዱ ይልቅ ገጸ ባሕርያቱ ይበልጥ ሳቡኝ። በነሐሴ 1961፣ የአሳማ ባሕረ ሰላጤ ወረራ ከከሸፈ ከአራት ወር በኋላ፣ ቼ ጉቬራ ኡራጓይ ላይ ለኬኔዲ አማካሪ ሲጋራ በሣጥን ይልካል። በ1963 የሁለቱ አገሮች ዲፕሎማቶች ድንገት የተገናኙ መስለው ኒውዮርክ ውስጥ በአንዲት ጋዜጠኛ ቤት ግብዣ ላይ ያወጋሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር 22 ዣን ዳንኤል የተባለ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ የኬኔዲን ሐሳብ ይዞ ከካስትሮ ጋር ምሳ ላይ ሳለ ኬኔዲ የመገደሉ ወሬ ይደርሳል። መልእክቱ እዚያው ገበታ ላይ ቀረ። በ1998 ደግሞ የካስትሮን መልእክት ይዞ ወደ ዋይት ሐውስ የሄደው ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ነው፤ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን የጻፈው። አምባሳደር በሌለበት ደራሲ አምባሳደር ይሆናል።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልመለስ።

ካርተር ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ወር፣ መጋቢት 1977፣ ከኩባ ጋር ያለው ግንኙነት ወደ መደበኛው እንዲመለስ የሚያዝ የምሥጢር መመሪያ ፈረሙ። በመስከረም መጀመሪያ ሁለቱም በየዋና ከተማው ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ከፈቱ። ከ16 ዓመት በኋላ በሩ ገርበብ አለ ማለት ነው። ግን በዚያው ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገብቶ ነበር። ካስትሮ ቀደም ብለው፣ በመጋቢት፣ ኤደን ላይ መንግሥቱንና ዚያድን ሊያስታርቁ ሞክረው አልሆነላቸውም። ኅዳር ላይ ጦር ለመላክ ወሰኑ። ከአሥር ሺህ በላይ የኩባ ወታደር ገባ፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች።

እኛ እልል አልን። ዋሽንግተን ግን ከአንጎላው በተጨማሪ ይህን ስትመለከት ፊቷን አዞረች። በ1978 የምሥጢር ንግግሩ ቢቀጥልም «መጀመሪያ ከአፍሪካ ውጡ» የሚለው ነገር መንገዱን ዘጋው። ኩባም አልወጣም አለ። ለእኛ የድል ዜና የነበረው፣ ለሁለቱ ጎረቤታሞች የዕርቅ መሰናክል ነበር። ሊዮግራንድ ገና በ1980 የኩባን የአፍሪካ ፖሊሲ የሚመረምር ጥናት ያሳተመው ያለ ምክንያት አይደለም። የእነሱ ኩርፊያ አንዱ ክር እኛ ጓሮ ነው የተቋጠረው።

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ በሚገኘው የትግላችን ሐውልት ግቢ የወደቁት ኩባውያን ፎቶግራፎች አሉ። አንድ ቀን ገብቼ ተራ በተራ አየኋቸው። የዚያን የልጅነቴን ሰው ፈለግሁት፤ ብፈልገውስ የማላውቀውን ፊት እንዴት ላገኘው! እነዚህ ሰዎች ነፍሳቸውን ከፈሉ። ሃቫናና ማያሚ ተከፍለው የቀሩት እናቶችስ? የእነሱ ሒሳብ የት ሐውልት ላይ ተጻፈ?

ታሪክ የራሷ ፌዝ አላት። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ወሩ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2014፣ ኦባማና ራውል ካስትሮ ዕርቅ አወጁ። ምሁራኑ ያለፈውን የጓሮ በር ሲተርኩ፣ አዲስ የጓሮ ንግግር በካናዳ አስተናጋጅነትና በሮማው ጳጳስ አማላጅነት ሲካሄድ ነበር ለካ! በ2015 ኤምባሲዎቹ ተከፈቱ፤ መጽሐፉም ተጨማሪ ምዕራፍ ኖሮት እንደገና ታተመ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የተሠራው መፍረስ ጀመረ። በጥር 2021 ኩባ ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ አገሮች ዝርዝር ተመልሳ ገባች፤ በጥር 2025 ባይደን ሊያወጧት ወሰኑ፤ በሳምንት ውስጥ ትራምፕ መለሷት።

ታዲያ የዚህ ሰው ልፋት ምን ፈየደ? አንዳንዱ አንባቢ እንዲህ እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔ ግን እላለሁ፤ ፖለቲከኛ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምሁሩ በሩ የት እንዳለ ጽፎ ያስቀምጣል። ነገ የሚመጣ አስታራቂ ግድግዳውን በጨለማ እየዳበሰ ከዜሮ እንዳይጀምር።

እኛስ? በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦር ተማዘዝን፤ በ1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ፈረምን፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ረጅም ዘመን ገፋን። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ አጭር መግለጫ ተፈረመ። ስልክ ተከፈተ፤ ሰው የማያውቀውን ቁጥር እየደወለ አለቀሰ። በ2011 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ዛላምበሳ ላይ ወንድም ወንድሙን አቀፈ። በወራት ውስጥ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። በዚያ ሁሉ ዓመት ማን ለማን ምን መልእክት ላከ? የትኛው ሽማግሌ፣ የትኛው ነጋዴ፣ የትኛው ቄስና ሼክ በጓሮ ተመላለሰ? ምን ተባብለው፣ የቱ ላይ ቃል ተሳናቸው?

ያወቁት ሰዎች እያረጁ ነው። የጓሮውን በር የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት በሩም አብሮት ይቀበራል። ደብተር ይዞ ደጃቸው የሚሄድ አንድ ወጣት ተመራማሪ አይጠፋ ይሆን?